መጀመሪያ ነጠላው፣ ከዚያ አንድምታው

ሚኒባስ ታክሲ ላይ ከሚለጠፉት ጥቅሶች አንዱ ኤርምያስ 29፥11 ነው። «ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ፤ ፍጻሜና ተስፋ እሰጣችሁ ዘንድ የሰላም አሳብ ነው እንጂ የክፉ ነገር አይደለም» ይላል። የምረቃ ካርድ ላይ ይጻፋል። ቪዛ ለሚጠብቅ ሰው ይላካል። ሥራ ላጣ ወንድም በቴሌግራም ይደርሳል። ቃሉ ደስ ይላል። ችግሩ ከሱ በላይ ያለውን ቁጥር 10ን የሚያነብ ጥቂት መሆኑ ነው። እዚያ ላይ የተጻፈው ይህ ሁሉ የሚሆነው በባቢሎን ሰባ ዓመት ከተፈጸመ በኋላ እንደሆነ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 የባቢሎኑ ንጉሥ ናቡከደነፆር ኢየሩሳሌምን ያዘ። ንጉሡን ኢኮንያንን፣ መኳንንቱንና የእጅ ባለሙያዎቹን ማርኮ ወሰደ። በኋላ ሐናንያ የሚባል ነቢይ ተነሣና በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ይመለሳል አለ። ኤርምያስ ግን ለምርኮኞቹ ደብዳቤ ላከ። ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ለምትኖሩባት ከተማ ሰላም ጸልዩ አላቸው። ነገሩ ቶሎ አያልቅም ማለቱ ነው። ቁጥር 11 የመጣው ከዚህ ምክር ቀጥሎ ነው። ደብዳቤው ሲነበብ ከሰሙት ጎልማሶች አብዛኞቹ መመለሱን በሕይወት ቆይተው አያዩትም።

ታዲያ ጥቅሱ ለእኛ አይሆንም? ይሆናል። ክርስቲያኖች ሁልጊዜም ለሌላ ሰው የተላከን ደብዳቤ እንደ ራሳቸው ሲያነቡ ኖረዋል፤ የጳውሎስ መልእክቶችም ለሮሜ፣ ለቆሮንቶስና ለኤፌሶን ሰዎች የተጻፉ ናቸው። ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ለእነሱ ምን ተባለ? ከዚያ ለእኔስ? ሁለተኛው ጥያቄ ሲቀድም የሰባ ዓመት ትዕግሥት የሚጠይቅ ቃል የሁለት ዓመት ተስፋ ይሆናል። ያ ደግሞ የኤርምያስ ሳይሆን የሐናንያ ትንቢት ነው።

ይህን ቅደም ተከተል የሚያስይዝ ሥርዓት በሀገራችን አለ። አንድምታ እንለዋለን። ብዙ ሰው አንድምታ ሲባል «አንድን ጥቅስ በፈለጉት መንገድ መፍታት» ይመስለዋል። እንደውም ግልባጩ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት መጽሐፍ የሚተረጉሙበት፣ ደረጃ ያለው መንገድ ነው።

ትርጓሜ በሚሰጥበት በመጽሐፍ ቤት ውስጥ የሚሆነው ይህ ነው። ተማሪው የግእዙን ንባብ አንድ ሐረግ ያነባል። የኔታ በመጀመሪያ ቃል በቃል ወደ አማርኛ ይመልሱታል፤ ይህ ነጠላ ትርጉም ነው። ቀጥሎ ሐተታ ይመጣል። ማን ለማን ተናገረው፣ ለምን ተናገረው፣ ሰው ቢጠይቅ መልሱ ምንድን ነው የሚለው በዚህ ይብራራል። አስፈላጊ ከሆነ ታሪክ ይነገራል። ሌላ ቦታ ያለ ጥቅስ እንደ ምስክር ይጠራና «እንዲል» ተብሎ ይታሰራል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው «አንድም» የሚባለው። አንድም ሲባል ሌላ የመፍቻ መንገድ ይቀርባል፤ ያ ሲያበቃ ሌላ አንድም ሊከተል ይችላል። የመጀመሪያው ፍቺ ግን ስለተጨመረበት አይሻርም። ሁሉም ጎን ለጎን ይቆማሉ።

አሁን ባለው መልኩ ትምህርቱ የተደራጀው በጎንደር ዘመን ነው። ከበስተጀርባው አንድ ትልቅ ግፊት ነበር። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከፖርቱጋልና ከስፔን የመጡ ኢየሱሳውያን (ጀስዊት) የሚባሉ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ሕዝቡ በሚሰማው በአማርኛ ማስተማር ጀመሩ። አፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ፤ በ1632 ግን ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትም በአማርኛ ለመጣው ክርክር በአማርኛ መመለስ ነበረባቸው። ስለዚህ ቅዱሱ ንባብ በግእዝ እንደሆነ ቆይቶ ፍቺው በአማርኛ ሰፋ። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን «ላይ ቤት» እና «ታች ቤት» የሚባሉ ሁለት የትርጓሜ መንገዶች ተለዩ። ታች ቤት ከመምህር ኤስድሮስ ስም ጋር ይያያዛል። ዛሬ በስፋት የሚሰማውም እሱ ነው።

እዚህ ላይ የሚገርመኝን አንድ ነገር ልጨምር። በጥንቱ ክርስትና ሁለት ትልልቅ የትርጓሜ ማዕከሎች ነበሩ። የግብፅዋ እስክንድርያ ምሳሌያዊ ፍቺን ትወድ ነበር፤ ኦሪጀን ትልቁ ስሟ ነው። አንጾኪያ ደግሞ የቃሉን ግልጽ ትርጉምና ታሪኩን ታስቀድም ነበር። የእኛ ቤተ ክርስቲያን በሃይማኖት የእስክንድርያ ልጅ ናት፤ ለዘመናት ጳጳስ የሚመጣላትም ከዚያው ነበር። አንድምታውን የመረመሩ ምሁራን ግን የአንጾኪያን ድምፅ በሰፊው አግኝተውበታል። ዮሐንስ አፈወርቅ ያደገው አንጾኪያ ነው፤ የሱ ትርጓሜ በእኛ ሊቃውንት ዘንድ ያለው ክብር ደግሞ ሌላ ነው። በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ የነበረው ኢብን አጥ-ጠይብ የጻፈው የዐረብኛ ትርጓሜም በትርጉም በኩል እኛ ዘንድ ደርሷል። ሰውየው የንስጥሮሳውያን ቄስ ነበር! በሃይማኖት የማይገጥሙን ሰዎች የጻፉት መልካም ፍቺ ከነጥበቡ ተወስዷል፤ ነገረ ሃይማኖቱ ላይ ሲደርስ ተጣርቷል።

ትምህርቱ ቀላል አይደለም። ተማሪው ከንባብ ቤት ተነሥቶ በዜማ ቤትና በቅኔ ቤት አልፎ ነው መጽሐፍ ቤት የሚደርሰው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ለምኖ ይማራል። መጽሐፍ ቤት ራሱ አራት ጉባኤ፣ ማለት አራት የትምህርት ክፍል አለው፤ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት። አራቱንም የዘለቀ መምህር አራት ዓይና ይባላል። ሁሉም ተደምሮ ሃያና ሠላሳ ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ቅኔ ከመጽሐፍ በፊት መምጣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ሰሙን ሳይዝ ወርቁን የሚያወጣ የለም። ቅኔ የለመደ ጆሮ አንድ ቃል ሁለት ነገር ሲሸከም ይሰማል፤ ሰም የሌለው ወርቅ ሲቀርብለትም «ይሄ ከየት መጣ?» ብሎ ይጠይቃል።

ነገሩን በአንድ ምዕራፍ ላይ እንየው። ሉቃስ 10፥25–37፣ የደጉ ሳምራዊ ታሪክ። ሁላችንም የምናውቀው ስለሚመስለን ለዚህ ጥሩ ነው።

ነጠላውን እንያዝ። አንድ ሕግ አዋቂ ኢየሱስን ሊፈትነው ተነሥቶ የዘላለም ሕይወት እንዴት እንደሚወርስ ይጠይቃል። መልሱን ራሱ ያውቀዋል፤ እግዚአብሔርን ውደድ፣ ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ። ግን አላረፈም። «ባልንጀራዬስ ማን ነው?» አለ። ጥያቄው የድንበር ጥያቄ ነው። እስከ የት ድረስ ነው መውደድ ያለብኝ? ኢየሱስም ታሪክ ነገረው። አንድ ሰው ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ወረደ፤ ወንበዴዎች ደብድበው በሕይወትና በሞት መካከል ጥለውት ሄዱ። ካህን አልፎት ሄደ፤ ሌዋዊ አልፎት ሄደ፤ ሳምራዊ ግን አዘነለት። ቁስሉን አሰረ፣ በአህያው ጫነ፣ እንግዶች ማረፊያ አደረሰው። በማግሥቱም ለባለቤቱ ሁለት ዲናር ሰጠ።

አሁን ሐተታው። «ወረደ» የሚለው እንዲሁ የተባለ አይደለም። ኢየሩሳሌም ከባሕር ጠለል በላይ 750 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኢያሪኮ ደግሞ ከባሕር ጠለል በታች 250 ሜትር አካባቢ። መንገዱ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ጭር ያለ በረሃ፣ ገደልና ዋሻ ያለበት፣ ለሽፍታ የሚመች ቦታ ነው። ሁለት ዲናር የሁለት ቀን የጉልበት ሥራ ዋጋ ነው፤ በማቴዎስ 20 የወይን አትክልት ሠራተኞች በቀን አንድ ዲናር ተስማምተው ነበር።

ሳምራዊስ? አይሁድና ሳምራውያን ሁለቱም ሙሴን ይቀበላሉ። የሚጣሉት በአምልኮ ቦታ ነው፤ አይሁድ ኢየሩሳሌም፣ ሳምራውያን ገሪዛን ተራራ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ የአይሁድ ገዢ ዮሐንስ ሂርቃኖስ የገሪዛንን መቅደስ አፍርሶታል። ከዚያ ወዲህ ያለው ቂም ይታያችሁ። ሉቃስ ራሱ አንድ ምዕራፍ ቀደም ብሎ፣ በ9፥52–54፣ የሳምራውያን መንደር ኢየሱስን አላሳድርም እንዳለ ይነግረናል፤ ያዕቆብና ዮሐንስ እሳት ከሰማይ እንዲወርድባቸው ፈልገው ነበር። ገና የዚያ ወሬ ሳይበርድ ነው ኢየሱስ ሳምራዊን የታሪኩ ባለውለታ ያደረገው። ዛሬ «ደጉ ሳምራዊ» ስንል የሆስፒታል ስም ይመስለናል። ያኔ ለሚሰማው ጆሮ ግን የሚኮሰኩስ ነገር ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያም ላክል። ካህኑ ያለፈው «ሬሳ ነክቼ እንዳልረክስ፣ አገልግሎቴ እንዳይስተጓጎል» ብሎ ነው የሚል ስብከት ብዙ ጊዜ ይሰማል። በዘሌዋውያን 21 ካህን ከቅርብ ዘመዱ በቀር ሬሳ እንዳይነካ መታዘዙ እውነት ነው። ግን ጽሑፉን እንየው። ካህኑም «ወረደ» ነው የሚለው። ከኢየሩሳሌም እየተመለሰ ነው፤ ወደ መቅደስ እየሄደ አይደለም። ያ ሕግ የተነገረው ለካህናት እንጂ ለሌዋውያን አይደለም። ሰውየውም አልሞተም። ለምን እንዳለፉት ወንጌላዊው አልጻፈም። እኔ ባልተጻፈው ምክንያት ላይ ስብከት መሥራት ደስ አይለኝም፤ በተለይ ደግሞ የአይሁድን ሕግ ጨካኝ ለማስመሰል ሲውል።

የታሪኩ ጥፍር ያለው መጨረሻው ላይ ነው። ሕግ አዋቂው «ባልንጀራዬ ማን ነው?» ብሎ ነበር። ኢየሱስ ጥያቄውን ገልብጦ ከሦስቱ «ባልንጀራ የሆነው ማንኛው ይመስልሃል?» አለው። ሰውየው «ሳምራዊው» ማለት አቃተው፤ «ምሕረት ያደረገለት» ብሎ አለፈ። «ሂድ አንተም እንዲሁ አድርግ» ተባለ። ነጠላው ይህ ነው።

አንድም። አዳም ነው። ኢየሩሳሌም ገነት ናት፤ ኢያሪኮ ይህ ዓለም። ወንበዴዎቹ አጋንንት ናቸው፤ የጸጋ ልብሱን ገፈፉት፣ በኃጢአት አቆሰሉት። ካህኑና ሌዋዊው ኦሪትና ነቢያት ናቸው፤ አዩት እንጂ ሊያነሡት አልቻሉም። ሳምራዊው ክርስቶስ ነው። እንግዳ ማረፊያው ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ባለቤቱ መምህራን ናቸው። ሁለቱ ዲናር ብሉይና ሐዲስ። «ከዚህም በላይ የምትከስረውን ሁሉ እኔ በምመለስበት ጊዜ እከፍልሃለሁ» የሚለውን ይዘው፣ ትርፉ ሊቃውንት ከሁለቱ ኪዳናት አውጥተው የደረሷቸው መጻሕፍት ናቸው፤ ዋጋቸው በዳግም ምጽአት ይከፈላል የሚሉ መምህራን አሉ። ድካማቸውን እዚያችው ታሪክ ውስጥ አስገቡት ማለት ነው። እኔ ይህን ስሰማ ፈገግ ሳልል አላልፍም።

ይህ ፍቺ ኢትዮጵያ ውስጥ የተፈጠረ አይደለም። ኦሪጀን በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አስተምሮታል፤ ከሱ በፊት ከነበሩ ሽማግሌዎች ሰማሁት ይላል። በምዕራብ አውግስጢኖስ አስፋፍቶታል። ዝርዝሩ ግን ይለያያል። ለኦሪጀን ሁለቱ ዲናር አብና ወልድ ናቸው፤ አውግስጢኖስ ሁለቱን የፍቅር ትእዛዛት ያደርጋቸዋል፤ እኛ ብሉይና ሐዲስ። ልዩነቱ ራሱ አንድ ነገር ይናገራል። ከሁለቱ ዲናር ማንም ቀኖና አያወጣም። አባቶችም እንዲህ አላሰቡም። ምስክር ግን ይፈልጋሉ። ሳምራዊው ክርስቶስ ነው ላሉት ዮሐንስ 8፥48ን ያመጣሉ። እዚያ አይሁድ ኢየሱስን ሳምራዊ ነህ፣ ጋኔንም አለብህ ይሉታል። እሱ ጋኔን የለብኝም አለ እንጂ ሳምራዊ አይደለሁም አላለም። ኦሪጀን ይህን አስተውሏል። ብልህ ንባብ ነው።

በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የፕሮቴስታንቱ መምህር ጆን ካልቪን ይህን ሁሉ አልተቀበለም። የጌታን አሳብ የሚሸፍን ፈጠራ ነው አለ። ክርክሩን ዝም ብሎ መግፋት አይገባም። እውነትም አንድ ሰባኪ ከአዳም ጀምሮ በዲናሩ ከጨረሰ ሰሚው መንገድ ላይ የወደቀ ሰው ሳያስበው ወደ ቤቱ ሊሄድ ይችላል። ያኔ አንድም ነጠላውን ውጦታል ማለት ነው። በሌላ በኩል ነጠላውን ብቻ የያዘ «ደግ ሁኑ» ከማለት አያልፍም፤ ደጎች መሆን ለምን እንዳቃተን አይጠይቅም። ሳምራዊው ክርስቶስ ነው ማለት መጀመሪያ የወደቅኩት እኔ ነኝ ማለት ነው። የተነሣ ሰው ነው ሌላውን የሚያነሣው። በእኔ ግምት ሁለቱ ሲደጋገፉ ይሻላል። የሚደጋገፉት ግን ነጠላው መሬት ሲይዝ ነው።

ለዚህ ልጓም ያበጁት የእኛ ሊቃውንት ብቻ አይደሉም። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የካቶሊኩ ሊቅ ቶማስ አኵይናስ ለነገረ ሃይማኖት ክርክር ማስረጃ የሚሆነው ነጠላው ትርጉም ብቻ ነው ብሎ ወስኗል። ምሳሌያዊው ያንጻል፣ ያጽናናል፤ ፍርድ ቤት ግን አይቀርብም። በእኛ ጉባኤ ቤትም አንድ ፍቺ ምን ቢያምር ከሃይማኖቱ ከተጋጨ ወይም ምስክር ካጣ አይቆምም።

የመጽሐፉን ዓይነት መለየትም ግድ ነው። ሕግ እንደ ቅኔ፣ ራእይ እንደ ዜና አይነበብም። መጽሐፈ ምሳሌ 26፥4 ለሰነፍ እንደ ስንፍናው አትመልስለት ይላል። ቁጥር 5 ደግሞ መልስለት ይላል። ጎን ለጎን! የሰበሰበው ሰው አላየውም ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። ምሳሌ ሕግ አይደለም፤ ጊዜና ቦታ ይፈልጋል። የእኛም ተረትና ምሳሌ እንዲሁ ነው።

የድሮ ሐተታ ውስጥ የተፈጥሮ ዕውቀቱ የዘመኑ መሆኑንም መርሳት አይገባም። «እንደ እባብ ልባሞች» የሚለውን ሲፈቱ እባብ ሲመቱት ሌላውን አካሉን ሰጥቶ ራሱን ይሰውራል፤ ክርስቲያንም ሁሉን ሰጥቶ ሃይማኖቱን ይጠብቅ ይላሉ። ለእንስሳት ባሕርይ ባለሙያ ይህ ላይዋጥለት ይችላል። ትምህርቱ ግን በእባቡ ላይ አልተንጠለጠለም።

ቀሪው ከባድ ጥያቄ የሚወስነው ማን ነው የሚለው ነው። የሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በሠረገላው ኢሳይያስን ያነብ ነበር። ፊልጶስ የምታነበውን ታስተውለዋለህን ሲለው «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» አለ። ኦርቶዶክሱም ካቶሊኩም ከዚህ ተነሥተው መጽሐፍ በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ውስጥ ይነበባል ይላሉ። ፕሮቴስታንቱ መጽሐፍ ራሱን ይተረጉማል፣ ግልጹ ክፍል ለጨለመው ይፈታል ይላል። ክርክሩ በአንድ ጽሑፍ አያልቅም። በተግባር ግን ልዩነቱ እንደሚባለው አይሰፋም። አንዱ የኔታን ይጠይቃል፤ ሌላው ፓስተሩን ያዳምጣል፣ የጥናት መጽሐፍ ቅዱሱን የግርጌ ማስታወሻ ያያል። ብቻውን የሚያነብ የለም። ብቻዬን አነባለሁ የሚል ሰው መሪው ማን እንደሆነ ስላላስተዋለ ነው ባይ ነኝ።

አንድምታን ራስዎ ማየት ከፈለጉ ይቻላል። የወንጌሉ ትርጓሜ ከ1910ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በኅትመት አለ፤ የሌሎቹም መጻሕፍት በየጊዜው ታትመዋል። አማርኛው የጎንደር ዘመን ጠረን አለው፤ ዓረፍተ ነገሩ አጭርና ቆርጦ የሚሄድ ነው፣ «ማለት ነው» እና «እንዲል» ይበዛበታል። መጀመሪያ ግር ይላል። ከሚያውቅ ሰው ጋር ጥቂት ገጽ ቢያነቡ ጆሮዎ ይለምደዋል። ምዕራፉን በሙሉ በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ አንብበው ከዚያ ቢከፍቱት የትኛው ከጽሑፉ፣ የትኛው ከሐተታው እንደመጣ ይለይልዎታል።

መዝሙረ ዳዊት ላይ ሲደርሱ ቁጥሩ ባይገጥም አይደንግጡ። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» በግእዙ ዳዊት 22ኛው ነው፤ በብዙዎቹ አዳዲስ ትርጉሞች ግን 23ኛው ነው። ግእዙ የሰብዓ ሊቃናትን የግሪክ ትርጉም ስለሚከተል ነው። አብዛኛውን መዝሙር በአንድ ቁጥር ዝቅ ብለው ቢፈልጉ ያገኙታል።